ባክቴሪያን የሚያጠፋውን ቫይረስ ለዓለም ያስተዋወቁት ፌሊክስ ዴሬል

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት እ.ኤ.አ. በ1915፣ ከፓሪስ ብዙም በማትርቀው ሜዞን ላፊት የሰፈረ የፈረንሳይ ፈረሰኛ ጦር በደም ተቅማጥ ተመታ። የበሽታውን መንስኤ እንዲያጣሩ የተመደቡት የፓስተር ኢንስቲትዩቱ ፌሊክስ ዴሬል ከሕሙማኑ የወሰዱትን ዓይነ ምድር ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለሉ። የተጣራውን ፈሳሽም የተቅማጡ ባክቴሪያ ከሚራባበት መረቅ ጋር ቀላቀሉት። ማታ በባክቴሪያ ብዛት ደፍርሶ የነበረው መረቅ በማግስቱ ጠዋት ጥርት ብሎ ተገኘ። ዴሬል ከዓመታት በኋላ እንደተረኩት፣ ናሙናው የተወሰደበት ሕመምተኛም በዚያው ሌሊት ተሽሎት አድሯል።

ዴሬል እ.ኤ.አ. በ1873 በፓሪስ ተወለዱ። ራሳቸውን ግን ካናዳዊ አድርገው ያስተዋውቁ ስለነበር የትውልድ ስፍራቸው ሞንትሪያል እንደሆነ ለረጅም ጊዜ በመጻሕፍት ሲጻፍ ኖሯል። በማይክሮባዮሎጂ መደበኛ ትምህርት አልነበራቸውም፤ ሙያውን የተማሩት በማንበብና በመሞከር ነው። በጓቲማላ የሆስፒታል ባክቴሪያ መርማሪ ሆነው ሠርተዋል፤ ከሙዝ አልኮል የማውጣት ሙከራም አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1910 በሜክሲኮ የአንበጣ መንጋ በበሽታ ሲረግፍ ተመልክተው የበሽታውን ባክቴሪያ ለዩ፤ በአርጀንቲናና በሰሜን አፍሪካም በዚሁ ባክቴሪያ አንበጣን ለመከላከል ሞከሩ። ባክቴሪያው በተዘራበት ገጽ ላይ አልፎ አልፎ የሚታዩ ክብ ክብ ባዶ ቦታዎች ትኩረታቸውን የሳቡት ያኔ ነበር። የሜዞን ላፊቱ ብልቃጥ ለዚያ እንቆቅልሽ መልስ ይዞ መጣ።

ግኝቱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1917 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ቀረበ። ዴሬል በዓይን የማይታየውን የባክቴሪያ ጠላት ባክቴሪዮፌጅ፣ ማለትም ባክቴሪያ በላ፣ ብለው ሰየሙት። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት ተመሳሳይ ክስተት ከሁለት ዓመት በፊት አሳትመው ስለነበር የቀዳሚነት ክርክር መነሳቱ አልቀረም።

ከዚህ የከረረው ግን የተገኘው ነገር ምንነት ላይ የተነሳው ሙግት ነው። የኖቤል ተሸላሚው ቤልጂጋዊ ጁል ቦርዴ ባክቴሪያውን የሚያሟሟው ከራሱ ከባክቴሪያው የሚመነጭ ኢንዛይም እንጂ ቫይረስ አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። ዴሬል ፈሳሹን ደጋግመው በማቅጠን የባዶ ክቦቹ ቁጥር በዚያው መጠን እንደሚቀንስ አሳዩ። እያንዳንዱ ክብ የአንድ ተባዥ አካል ሥራ መሆኑ ለእርሳቸው በቂ ማስረጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሱ ምስሎች በዚህ ረገድ ትክክለኛው ዴሬል እንደነበሩ አረጋገጡ።

ሆኖም ኢንዛይምም በነገሩ ውስጥ ነበረበት። ዴሬል ራሳቸው ቫይረሱ ባክቴሪያን የሚያሟሟ ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ ያምኑ ነበር። ኋላ በፓሪስ ላቦራቶሪያቸው የሠሩት ቭላዲሚር ሰርቲችም እ.ኤ.አ. በ1929 በአንዳንድ ባዶ ክቦች ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ ቀለበት መኖሩን ገለጹ። ቀለበቱ ቫይረሱ ካለበት ስፍራ አልፎ በሚሰራጭ ሟሚ ንጥረ ነገር የሚፈጠር ነበር። ዛሬ አሠራሩ ይታወቃል። ቫይረሱ ከባክቴሪያው ውስጥ ተባዝቶ ሲያበቃ፣ አንድ ፕሮቲን የውስጠኛውን ስስ ሽፋን ይበሳል፤ ኢንዛይሙ በቀዳዳው አልፎ የሕዋሱን ግድግዳ ይቆርጣል፤ ባክቴሪያው በውስጡ ባለው ግፊት ይፈነዳል። ሌሎች ኢንዛይሞች ደግሞ በቫይረሱ ጅራት ላይ ተቀምጠው ባክቴሪያው የሚከናነበውን ዝልግልግ ስኳራማ ሽፋን ይበጣጥሳሉ።

ዴሬል ይህ ሁሉ እስኪብራራ አልጠበቁም። እ.ኤ.አ. በ1919 በፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል በደም ተቅማጥ ለታመመ ልጅ ፈሳሹን ከመስጠታቸው በፊት እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ጠጥተው ሞከሩት። ልጁም ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1925 በስዊዝ ቦይ በኩል በምታልፍ መርከብ ላይ የነበሩ አራት የቸነፈር ሕሙማንን እብጠታቸው ላይ በመርፌ ወግተው አከሙ፤ አራቱም ተረፉ። የአራት ሰዎች መዳን ብዙ የሚያስረዳ ባይሆንም ዝናቸውን አገነነው። በሕንድ ኮሌራን ተከላከሉ፤ ከ1928 እስከ 1933 በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

ከዚያ የሄዱት ወደ ጆርጂያ ነበር። በፓሪስ ያወቋቸው ጆርጂ ኤሊያቫ በትብሊሲ ያቋቋሙትን ተቋም የባክቴሪዮፌጅ ምርምር ማዕከል ለማድረግ ሁለቱ አብረው ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1935 በዚያ የታተመውን መጽሐፋቸውን ዴሬል ለስታሊን መታሰቢያ አደረጉት። በ1937 ኤሊያቫ በስታሊን መንግሥት ተይዘው ተገደሉ። ዴሬል ወደ ትብሊሲ አልተመለሱም።

በምዕራቡ ዓለምም ሕክምናው እየተቀዘቀዘ ነበር። በገበያ ላይ የነበሩት ዝግጅቶች ጥራት የተለያየ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1934 በአሜሪካ የወጣ ሰፊ ግምገማ ጥቅማቸውን አጠራጣሪ አድርጎታል። ቀጥሎ ፔኒሲሊን መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በቪሺ ከተማ በቁም እስር ያሳለፉት ዴሬል፣ ለኖቤል ሽልማት በተደጋጋሚ ቢታጩም ሳያገኙት እ.ኤ.አ. የካቲት 22 ቀን 1949 በፓሪስ አረፉ።

ጉዳዩን እንደገና ያነሳሳው ባክቴሪያዎች መድኃኒትን መልመዳቸው ነው። በሽንት ማስወገጃ ቱቦ ወይም በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላይ የተጣበቁ ባክቴሪያዎች በራሳቸው ልጋግ ተሸፍነው ባዮፊልም የተባለውን ድርብርብ ይሠራሉ። በዚህ ድርብርብ ውስጥ ብዙዎቹ እድገታቸው ስለሚቀዘቅዝ፣ በማደግ ላይ ያለን ሕዋስ የሚያጠቃ አንቲባዮቲክ አይጎዳቸውም። ግድግዳ ቆራጩ ኢንዛይም ግን ሕዋሱ ቢያድግም ባያድግም ሥራውን ይሠራል፤ ሽፋን በጣጣሹ ደግሞ መንገድ ይከፍትለታል።

እ.ኤ.አ. በ2001 በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተጣርቶ የወጣ የቫይረስ ኢንዛይም የአይጦችን ጉሮሮ ከስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ እንዳጸዳ አሳዩ። ከዚሁ ምርምር የተገኘውና በላቦራቶሪ የስታፊሎኮከስን ባዮፊልም ያፈረሰው ኤክሴባኬዝ የተሰኘ ኢንዛይም በሰዎች ላይ እስከ ሦስተኛው የሙከራ ደረጃ ደርሶ ነበር። ሙከራው በመካከሉ በተደረገ ግምገማ የሚጠበቀውን ውጤት እንደማያስገኝ በመታየቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ቆሟል። በትብሊሲ የኤሊያቫን ስም የያዘው ተቋም በበኩሉ በሌሎች አገሮች መዳን ያጡ ሕሙማንን እየተቀበለ በባክቴሪዮፌጅ ማከሙን ቀጥሏል።