ዳግማዊ አባ ጅፋር፦ በእንግሊዝኛ ንባብ መነኩሴ የሚመስሉት የጅማ ንጉሥ

እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማን መንግሥት የመሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር በዲፕሎማሲ ብልሃታቸው በስፋት ይታወቃሉ። ስማቸውና የአገራቸው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ፈገግ የሚያሰኝ መደነጋገርን ያስከትላል።

ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1861 የተወለዱ ሲሆን የተጸውዖ ስማቸው ቱሉ ነው። አባ ጅፋር የፈረስ ስማቸው በመሆኑ፣ አባ የሚለው ቃል በዚህ አገባቡ የፈረሱን ባለቤት እንጂ አባትነትን አያመለክትም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸውን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩ ግልጽ ነው። የእንግሊዝኛው አንባቢ በአንጻሩ ቃሉን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነ፣ ሙስሊሙን ንጉሥ የአንድ ገዳም አበምኔት አድርጎ ቢገምታቸው አይፈረድበትም። ሞቲ የተሰኘውን ማዕረጋቸውን እንደ ስም ቆጥሮ ንጉሥ ሞቲ ብሎ የሚጠራቸውም ንጉሥ ንጉሥ ማለቱ ነው።

የፊደሉ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ጣሊያኖች ጅማንም ሆነ ጅፋርን የሚጽፉት ጊፍት በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ላይ ባለው ፊደል ነው። ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ልማድ ያነበበ ሰው ታዲያ ጊማ የተባለች አገርና ጊፋር የተባለ ንጉሥ ሊያገኝ ይችላል። ጎረቤቷ ጌራ በተራዋ ጄራ ሆና ትነበባለች።

በእርግጥ በሕይወት ዘመናቸው ንጉሡን ያሳሰባቸው ከፊደል የከበደ ጉዳይ ነበር። በእናታቸው በጉሚቲ ምክር እየታገዙ ለምኒልክ ለመገበር በመስማማታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ካፋን ያወደመው ዓይነት ጦርነት ጅማን ሳይደርስባት ቀርቷል። የውስጥ አስተዳደራቸውንም ለረጅም ጊዜ አቆይተዋል። በጅሬን ከሚገኘው ቤተ መንግሥታቸው ሥር የነበረው የሂርማታ ገበያ በቡና የደመቀ ቢሆንም፣ ሰው እንደ ሸቀጥ የተሸጠበት መሆኑ ሊሸሸግ አይገባም።

ያ ገበያ ለዛሬዋ የጅማ ከተማ መነሻ ሆኗል። በአጋሮ አካባቢ የሚመረተው ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቅበት የጅማ ስያሜ ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ ከፊቱ ዲ፣ ከኋላው ኤች ተጨምሮበት ይጻፋል። በመሆኑም የጅማን ሰነድ በጄ ፊደል ብቻ የሚፈልግ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በጂ እና በዲ የተመዘገቡትን ሳያያቸው ያልፋል።