ከዙፋን አጠገብ የቆመው ጋዜጠኛ

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል የኖረበት አገር ነው አገራችን፡፡ ይህ አባባል ለብዙ ዘመን ያልተጻፈ ሕግ ሆኖ ሠርቷል፡፡ በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በጽሑፍ አጸናው፡፡ አንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይነካ፣ ሥልጣናቸውም የማይደፈር መሆኑን ደነገገ፡፡ በዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ አንቀጽ 41 የንግግርና የጋዜጣ ነጻነት በሕግ መሠረት በመላው ግዛት የተረጋገጠ ነው ይላል፡፡ ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ ላነበባቸው ሰው አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፡፡ ጋዜጠኛው በአንቀጽ 41 ነጻ ከሆነ፣ በየቀኑ የሚዘግበው ግን አንቀጽ 4 የሚጠብቃቸውን ሰው ከሆነ፣ ምን ያህል ርቀት ሊሄድ ይችላል?

ለዚህ ጥያቄ በሕይወቱ መልስ የሰጠው ሰው በዓሉ ግርማ ነው፡፡ ብዙዎቻችን በዓሉን የምናውቀው በልብ ወለድ ደራሲነቱ ነው፡፡ እንጀራው ግን ጋዜጠኝነት ነበር፡፡ ያውም ከዙፋን አጠገብ የተቀመጠ ጋዜጠኝነት፡፡ በሁለት መንግሥታት ሥር፣ ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ምን ዋለ የሚለውን ለሕዝብ ከሚያቀርቡት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር፡፡

በዓሉ የተወለደው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኢሉባቦር፣ ሱጴ ቦሮ ነው፡፡ አባቱ ለንግድ ወደ አገራችን የመጡ ሕንዳዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው፡፡ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ትምህርቱን ቀጠለ፡፡ ጎበዝ ተማሪ ስለነበር በዚያን ዘመን ስመ ጥር ወደነበረው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ገባ፡፡ ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፖለቲካ ሳይንስና ጋዜጠኝነት አጥንቶ በ1954 ዓ.ም ተመረቀ፤ ወደ አሜሪካም ተሻግሮ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ፡፡ ሲመለስ የጠበቀው ሥራ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራ ነበር፡፡ በዚያን ጊዜ ለተማረ ጋዜጠኛ ከመንግሥት ሌላ ያን ያህል ቀጣሪ አልነበረም፡፡

ያ ዘመን ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባበት ዘመን ነው፡፡ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም ነበር፡፡ ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል ቀን መሆኑን የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያውቃል፡፡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ነውና፡፡ ስለዚህ ሣጥኑ ገና ሲወለድ ክርስትና የተነሳው በንጉሥ ስም ነው ማለት ይቻላል፡፡ የዜናውም ቅደም ተከተል የታወቀ ነበር፡፡ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በጋዜጣ መጀመሪያ የሚመጣው ግርማዊነታቸው የተቀበሉት እንግዳ፣ የመረቁት ትምህርት ቤት፣ የጎበኙት ሆስፒታል ነው፡፡ ሌላው የአገር ጉዳይ ተራውን ጠብቆ ይከተላል፡፡

በዓሉ በዚህ ሥርዓት ውስጥ በፍጥነት ወደ ላይ ወጣ፡፡ የእቴጌይቱን ስም የያዘውን የመነን መጽሔት አዘጋጀ፡፡ ቀጥሎ አዲስ ሪፖርተርን፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ የሚታተመውን ኢትዮጵያን ሄራልድን መራ፡፡ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ ሆነ፡፡ አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት በተመለሱ ማግስት የተቋቋመ፣ ስሙንም ከዚያው ድል ያገኘ ጋዜጣ ነው፡፡ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የቤተ መንግሥቱን ፊት በየማለዳው ለአንባቢ የማሳየት አደራ አለበት፡፡

ከዚያ ፊት ጀርባ ምን ነበር? ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው አሰላ ተቀምጬ ነው፡፡ በዓሉ አዲስ ዘመንን በሚያዘጋጅበት ጊዜ የጭላሎ አውራጃ ትልቅ ነገር ላይ ነበር፡፡ ከ1960 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የምንለው፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ መጣ፡፡ ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ ማሳደግ ነበር፡፡ ምርቱም በእርግጥ አደገ፡፡ ሆኖም መሬቱ የጭሰኛው አልነበረም፡፡ ስንዴ ገንዘብ እንደሚያመጣ ያየ ባለመሬት ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን አስነሳ፡፡ በአርሲ ደጋ ብዙ አባወራ አባቱ ካረሰው ማሳ ላይ ከብቱንና ልጆቹን ይዞ ወጣ፡፡ የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ገብቶ ነበር፤ ከፓርላማው አባላት ብዙዎቹ ባለመሬቶች ስለነበሩ ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ፡፡ ጭሰኛው ፍርድ ቤት ቢሄድስ በየትኛው አንቀጽ ይከራከራል? መልሱ የመጣው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ነው፡፡

በዚያን ጊዜ አሰላ ላይ ጋዜጣ የሚያነብ መምህር ወይም ጸሐፊ፣ ግርማዊነታቸው የትኛውን አምባሳደር እንደተቀበሉ ያውቅ ነበር፡፡ ጎረቤቱ ለምን ከመሬቱ እንደተነሳ ለማወቅ ግን ጋዜጣው የሚረዳው አልነበረም፡፡ ይህን ስል በዓሉን በተለየ ለመውቀስ አይደለም፡፡ የፊት ገጹን ሕግ ያወጣው እርሱ አይደለም፡፡ እርሱ ሕጉን ተቀብሎ በሙያው አሳምሮ የሠራ ሰው ነው፡፡ ሊናገር የፈለገውን ወደ ልብ ወለድ እያዞረ፣ በ1962 ዓ.ም ከአድማስ ባሻገርን፣ በ1966 ዓ.ም የህሊና ደወልን አሳተመ፡፡

ወሎ በተራበ ጊዜ የዚህ አሠራር ዋጋ ታየ፡፡ በ1965ና በ1966 ዓ.ም ሰው በመንገድ ዳር ሲረግፍ፣ የራሳችን ካሜራ ያላሳየውን የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾ ለዓለም አሳየ፡፡ የሚገርመው አባትየው ሪቻርድ ዲምብልቢ ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1953 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ሲጭኑ ሥነ ሥርዓቱን በቢቢሲ ቴሌቪዥን ለሕዝባቸው የተረኩት፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው የእንግሊዝ ዘውድ ድምፅ ተደርገው የሚታዩ ጋዜጠኛ ነበሩ፡፡ አባት ዘውድ ሲያከብሩ፣ ልጅ የሌላ አገር ዘውድ እንዲወድቅ ምክንያት ሆነ፡፡ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ምሽት ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፡፡ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፡፡ በዘውድ በዓል ቀን የተወለደው ቴሌቪዥን ዘውዱን ሸኘ፡፡

ሰዎች ተለወጡ፤ የዜናው ቅደም ተከተል ግን ብዙም አልቆየም፣ ተመልሶ መጣ፡፡ ግርማዊነታቸው በነበሩበት ቦታ ጓድ ሊቀመንበር ገቡ፡፡ በዓሉም አልወደቀም፤ ይልቁንም አደገ፡፡ የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎትን መራ፣ ከዚያም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነ፡፡ በ1972 ዓ.ም የታተመው የቀይ ኮከብ ጥሪ አብዮቱን የደገፈ መጽሐፍ ነው፡፡ በዓሉን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተቃዋሚ አድርገው የሚያቀርቡ ወዳጆቹ ይህን መዝለል ይወዳሉ፡፡ እኔ ግን መዘለል የለበትም እላለሁ፡፡ አብዮቱን አምኖ ያገለገለ፣ በሥልጣን ወንበር የተቀመጠ፣ ፕሮፓጋንዳ ያዘጋጀ ሰው ነበር፡፡ የኋላው ድርጊቱ ክብደት የሚያገኘው ይህ ሲታወቅ ነው፡፡ ከውጭ ሆኖ መቃወም አንድ ነገር ነው፡፡ ከውስጥ ቆሞ፣ ማዕረግና ደመወዝ እያለው፣ የሚያውቀውን መጻፍ ግን ሌላ ነው፡፡

በ1974 ዓ.ም ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቤተ መንግሥታቸውን ወደ አስመራ ያዛወሩ እስኪመስል ድረስ ትልቅ ዘመቻ ተከፈተ፡፡ ሁለገብ አብዮታዊ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ተባለ፡፡ ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች፣ ካድሬዎችና ጋዜጠኞች ወደ አስመራ ዘመቱ፡፡ በዓሉም በማስታወቂያው ሥራ አብሮ ተሰለፈ፡፡ ብዙ የተወራለት ዘመቻ ናቅፋን ሳይዝ ቀረ፤ ብዙ ወጣት በተራሮቹ ላይ አለቀ፡፡

ከዚያ ኦሮማይ መጣ፡፡ በ1975 ዓ.ም የታተመው ይህ መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕርይው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው፡፡ ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ይባላል፡፡ የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ እንዲመራ አስመራ ይላካል፤ እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ከአስመራይቱ ፊያሜታ ጋር በፍቅር ይወድቃል፡፡ ካሜራው የመሪውን ግርማ፣ የሰልፉን ድምቀት፣ የድሉን ተስፋ መቅረጽ አለበት፡፡ ዓይኑ ግን የባለሥልጣናቱን ሽኩቻ፣ የወታደሩን ሞትና የከተማዋን ሐዘን ያያል፡፡ በፍቅሩና በስለላው ታሪክ ሥር ያለው ነገር ይህ ይመስለኛል፡፡ ካሜራ ካየው ዓይን ያየው ይበልጣል፤ ባለ ካሜራው ደግሞ ሁለቱንም ይዞ ወደ ቤቱ መግባት አለበት፡፡ በዓሉ በአዲስ ዘመን የፊት ገጽ ላይ ሊያወጣው ያልቻለውን ሁሉ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አወጣው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ በዘመኑ የነበሩ አንባቢዎች ገጸ ባሕርያቱን ከሹማምንቱ ጋር እያመሳሰሉ ያነቡት ነበር፡፡ ሹማምንቱም እንዲሁ፡፡

መጽሐፉ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል በመንግሥት ፈቃድ የወጣ ቢሆንም ወዲያው ከየመደብሩ ተሰበሰበ፡፡ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፡፡ ወራት ያለ ሥራ ተቀመጠ፡፡ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም፡፡ መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች፡፡ ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ ከዚያ በኋላ አላዩትም፡፡

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ ላንሳ፡፡ ደርግ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት በመስከረም 1967 ዓ.ም አገደ፡፡ ተተኪው የወጣው በ1979 ዓ.ም ነው፡፡ በዓሉ የጠፋው በመሀል፣ አገሪቱ ምንም ሕገ መንግሥት ባልነበራት ዘመን ነው፡፡ አንቀጽ 4 ሄደ ብለን ስንደሰት አንቀጽ 41ም አብሮት ሄዶ ነበር፡፡ በዓሉ አልተከሰሰም፤ ክስ ቢቀርብበት ጠበቃ ይቆምለት፣ ፍርድ ቢሰጥበት ይግባኝ ይባልለት ነበር፡፡ በሥራ ላይ የቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፡፡ አንቀጽ 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅለት መጠየቅ ይችላል ይላል፡፡ ሕጉ ስለ ጠፊው ትዳርና ንብረት ይጨነቃል፡፡ ሰውየውን ማን አጠፋው የሚለውን ግን ለወንጀል ሕግ ይተዋል፤ የወንጀል ሕግ ደግሞ መርማሪው ራሱ ተጠርጣሪ በሆነበት አገር አፉ የተለጎመ ነው፡፡

በዓሉ ከጠፋ ሰባት ወር በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ተከበረ፤ ቴሌቪዥናችንም ሰልፉን ሲያሳይ ሰነበተ፡፡ በዚያው ሰሞን ወሎና ትግራይ እንደገና እየረገፉ ነበር፡፡ በጥቅምት ወር የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ያዡ መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጹት ፊልም ዓለምን አስለቀሰ፡፡ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ስለ ገዛ ረሃባችን የነገሩን የውጭ ሰዎች ናቸው፡፡ ጋዜጠኛ ስላልነበረን አይደለም፡፡ ነበሩን፤ ግን ያቆምናቸው ከዙፋኑ አጠገብ ፊታቸውን ወደ ዙፋኑ አድርገን ነው፡፡ ዞር ብሎ ያየውን ደግሞ አጠፋነው፡፡

እኛ አሰላ ላይ ተማሪዎች ሳለን ኦሮማይን ያነበብነው ሽፋኑ በአሮጌ ጋዜጣ ተለብጦ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ እየተዋስን ነው፡፡ በኋላ በግላጭ ታትሞ በየመንገዱ ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በለንደንና በኒው ዮርክ ታተመ፡፡ መጽሐፉ ተመለሰ ማለት ነው፡፡ ደራሲው የት እንደወደቀ ግን በይፋ የተነገረ ነገር የለም፤ ቤተሰቡ አበባ የሚያኖርበት መቃብር የለውም፡፡

ዛሬ ንጉሥም ሊቀመንበርም የለንም፡፡ የዜናው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ለማን እንደሚሰጡ ግን ማንም ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ሊያይ ይችላል፡፡ በዚያች ሰዓት ከካሜራው ጀርባ የቆመው ወጣት ጋዜጠኛ በዓሉ የነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ የሚያየውና የሚያሳየው አንድ ላይሆን ይችላል፡፡ ያየውን ልጻፍ ቢል የሚያቆመው ፍርሃት ብቻ እንዳይሆን፣ የሚደግፈው ሕግና ደፍሮ የሚፈርድለት ዳኛ ያስፈልገዋል፡፡ ይህን የማበጀቱ ሥራ ደግሞ የጋዜጠኛው ብቻ ሳይሆን፣ ሕግ ተምረን በየቢሮውና በየችሎቱ የተቀመጥነው ሰዎች ሥራ ነው፡፡