የማዕበል ጋላቢው ዱክ ካሃናሞኩና የጣውላው ጅራት

በዚህ መጽሔት ላይ የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ነገሥታት፣ የጦር መሪዎችና ሊቃውንት ናቸው። እኔ ግን ዘንድሮ በአንድ ጣውላ ላይ ቆሞ የባሕር ማዕበል ይጋልብ ስለ ነበረ ዋናተኛ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ለዚህ ያነሣሣኝ በቤተ መጻሕፍታችን ሳገላብጠው በነበረ መጽሐፍ ውስጥ ያየሁት ፎቶግራፍ ነው። ሰውየው ረጅምና ደረተ ሰፊ ነው፤ ከጎኑ የቆመው ጣውላ ግን ከእርሱ ቁመት እጅግ ይበልጣል። በሌላው ገጽ ላይ ደግሞ ልዩ ልዩ ጣውላዎች ተሥለው ነበር። ፊታቸው ተመሳሳይ ሲሆን ኋላቸው፣ ማለት ጅራታቸው፣ ለየብቻ ነው፤ አንዱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ አንዱ የሾለ፣ አንዱም እንደ ዓሣ ጅራት ለሁለት የተከፈለ። የፊዚክስ መምህራችንን የትኛው ጅራት እንደሚበልጥ ብጠይቃቸው፣ መልስ በመስጠት ፈንታ ለየትኛው ማዕበል እንደሆነ መልሰው ጠየቁኝ። የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘሁት በዱክ ካሃናሞኩ ሕይወትና በዘመኑ በሆነው ነገር ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዱክ ነሐሴ 24 ቀን 1890 በሃዋይ ደሴቶች፣ በሆኖሉሉ ከተማ ተወለደ። ሃዋይ በዚያን ጊዜ የራሷ ንጉሥ ያላት አገር ነበረች፤ ዘውዷ የወደቀው በ1893፣ ከአሜሪካ ጋር የተቀላቀለችውም በ1898 ነው። ዱክ ማለት በእኛ ቋንቋ መስፍን ማለት ነው። ይህ ግን ስም እንጂ ማዕረግ አልነበረም። በ1869 የኤዲንበርግ መስፍን ሃዋይን ጎብኝቶ ነበርና አባቱ በዚያ እንግዳ መታሰቢያነት ዱክ ተባለ፤ ልጁም የአባቱን ስም ወረሰ። አባቱ የፖሊስ ባልደረባ ሲሆን ልጆቹን ያሳደገው በዋይኪኪ ባሕር ዳር ነው።

የሃዋይ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በማዕበል ላይ በጣውላ መጋለብ ያውቁ ነበር። ለመኳንንቱ የሚሠራው ረጅሙና ወፍራሙ ጣውላ ኦሎ ይባላል፤ አጠር ብሎ የሳሳው ደግሞ አላያ ይባላል። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ ጨዋታ እጅግ ተዳክሞ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ዱክ ወጣት በነበረበት ጊዜ እርሱና ጓደኞቹ በዋይኪኪ እንደገና ሕይወት ዘሩበት።

የዋይኪኪ ማዕበል የዋህ ነው። ከባሕሩ በታች ያለው መሬት ወደ ዳር ቀስ እያለ ስለሚነሣ ማዕበሉ ከሩቅ ይጀምርና ሳይቸኩል ረጅም መንገድ ይጓዛል። ለእንዲህ ያለው ማዕበል ረጅም፣ ከባድና ጅራተ ሰፊ ጣውላ ይስማማዋል፤ ምክንያቱም ሰፊ ጅራት በደካማ ውኃ ላይ እንኳ ተንሳፎ ሰውን ይሸከማል። ዱክ ይወደው የነበረው ትልቁ ጣውላ ኮአ ከሚባል የሃዋይ እንጨት የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ 4 ሜትር ከ80፣ ክብደቱም 52 ኪሎ፣ ማለት ከግማሽ ኩንታል በላይ ነበር። ከሥሩም የሚያቀናው ክንፍ አልነበረውም። በ1917 ዱክ በዋይኪኪ በአንድ ማዕበል ላይ ቆሞ ከአንድ ማይል በላይ ተጓዘ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል።

ዓለም በመጀመሪያ ያወቀው ግን በዋናው ነው። በነሐሴ ወር 1911 በሆኖሉሉ ወደብ በተደረገ ውድድር የ100 ያርድ ነፃ ዋናን በ55.4 ሴኮንድ ጨረሰ። ይህ ከዓለሙ ክብረ ወሰን በ4.6 ሴኮንድ ስለ ተሻለ በአሜሪካ የነበሩት ዳኞች ማመን አቃታቸውና ሳይቀበሉት ቀሩ። ዱክ ክርክር ከማብዛት ይልቅ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ስቶክሆልም ኦሊምፒክ ሄዶ በ100 ሜትር ነፃ ዋና የወርቅ ሜዳሊያ፣ በቡድን ቅብብሎሽም የብር ሜዳሊያ አገኘ። የ1916ቱ ኦሊምፒክ በጦርነት ምክንያት ቀረ፤ እርሱ ግን በ1920 በአንትወርፕ ተመልሶ ሁለት ወርቅ ወሰደ። በ1924 በፓሪስ ጆኒ ዋይስሙለር ሲቀድመው እርሱ ሁለተኛ ወጣ፤ ሦስተኛ የሆነውም የገዛ ወንድሙ ሳም ነበር።

በታኅሣሥ ወር 1914 ለዋና ትርኢት ወደ አውስትራልያ ተጋብዞ ሳለ ከዚያው አገር በተገኘ የጥድ ጣውላ የማዕበል መጋለቢያ ሠርቶ፣ ሲድኒ አጠገብ በሚገኘው ፍሬሽዋተር ባሕር ዳር ለተሰበሰበው ሕዝብ ጥበቡን አሳየ። ያ ጣውላ እስከ ዛሬ በዚያው በፍሬሽዋተር ተጠብቆ ይገኛል።

ከሥራው ሁሉ ልቤን የነካው ሰኔ 14 ቀን 1925 በካሊፎርንያ፣ በኒውፖርት ወደብ መግቢያ ላይ የሆነው ነው። ቴልማ የምትባል የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ 29 ሰዎች እንደ ጫነች በኃይለኛ ማዕበል ተገለበጠች። ዱክ በባሕሩ ዳር ነበርና ጣውላውን ይዞ ወደዚያ ሞገድ ገባ። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ስምንት ሰዎችን አወጣ። ጓደኞቹም አራት አወጡ፤ 17ቱ ግን ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ባሕር ዳር የሚጠብቁ ሕይወት አዳኞች ጣውላን እንደ መሣሪያ ይይዙ ጀመር። ለጨዋታ የተሠራው እንጨት በዚያች ቀን የሕይወት ድልድይ ሆነ።

አሁን ወደ ጅራቱ ልመለስ። ሰፊው ጅራት በዋይኪኪ ቢመሰገንም ቀጥ ብሎ በሚቆመው ገደላማ ማዕበል ላይ ግን ይከዳ ነበር። ጋላቢው በማዕበሉ ፊት ላይ አግድም ልሂድ ሲል ጅራቱ ተንሸራቶ ወደ ጎን ይወረወራል፤ ሰውየውም ከነጣውላው ይገለበጣል። ምክንያቱን ለመረዳት እኔም በትንሹ ሞክሬአለሁ። በእንጨት ሥራ ክፍላችን ከወዳደቀ ጣውላ እኩል ርዝመትና ውፍረት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ሠራሁ፤ የአንዱን ጫፍ ሰፊ አድርጌ ተውሁት፤ የሌላውን አሾልሁት። በገንዳ ውስጥ አንሳፍፌ በሁለቱም ጅራት ላይ እኩል የሆነ ድንጋይ ባስቀምጥ ሰፊው እምብዛም ሳይሰምጥ ቀረ፤ ሹሉ ግን ጠለቅ ብሎ ገባ። ቀጥሎም የማንኪያን ጀርባ ወደሚወርድ የቧንቧ ውኃ አስጠጋሁ፤ ውኃው የማንኪያውን ክብ ይዞ እየተጠማዘዘ ወረደ። ስለታም ጠርዝ ባለው እንጨት ላይ ግን ጠርዙ ጋ ሲደርስ ተላቅቆ ሄደ። የጅራቱም ምሥጢር ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ሹልና ክብ የሆነ ጅራት ወደ ውኃው ጠልቆ ማዕበሉን ይይዛል፤ ሰፊና ማዕዘን ያለው ደግሞ ተንሳፎ ከውኃው ቶሎ ይላቀቃል።

ይህን ችግር ሰዎች በሁለት መንገድ ፈቱት። የመጀመሪያው ቶም ብሌክ ነው። ይህ ሰው በ1920 ዱክ ከኦሊምፒክ ሲመለስ በዲትሮይት ከተማ አግኝቶ እጁን በመጨበጡ ልቡ ወደ ባሕር ያዘነበለ ወጣት ነበር። በ1935 በጣውላው ጅራት ሥር ክንፍ ገጠመ፤ ጅራቱም መንሸራተቱን ተወ። ሁለተኛዎቹ በ1937 ጆን ኬሊ፣ ዎሊ ፍሮይሴትና ፍራን ሂዝ የተባሉ የሆኖሉሉ ወጣቶች ናቸው። አንድ ቀን ኃይለኛ ማዕበል ሲጥላቸው ከዋለ በኋላ ኬሊ መጥረቢያ አንሥቶ የጣውላውን ጅራት ከግራና ከቀኝ ጠርቦ አጠበበው። የጠበበው ጅራት ገደላማውን ማዕበል ያዘ። በኋላም እነዚህ ወጣቶች ማካሃ በሚባለው ባሕር ዳር ወደሚነሣው ትልቅ ማዕበል ለመውጣት ደፈሩ።

ከዚህ በኋላ የጅራቱ ዓይነት እየበዛ ሄዶ ዛሬ እያንዳንዱ ቦታውን አግኝቷል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ሰፊ ጅራት ለትንሽና ለሰነፍ ማዕበል ይስማማል። ማዕዘኑ ተሞርዶ የለዘበው በመካከለኛ ማዕበል ሁሉ ያገለግላልና አጫጭር ጣውላ የሚይዙት በብዛት የሚመርጡት እርሱን ነው። እንደ ዓሣ ጅራት ለሁለት የተከፈለው በትንሽ ማዕበል ላይ እንደ ሰፊው ይንሳፈፋል፤ በሚዞርበት ጊዜ ግን ከሁለቱ ጫፎች አንዱ ገብቶ ውኃውን ይይዛል። ሹሉ ጅራት ደግሞ የትልቁና የፈጣኑ ማዕበል ነው፤ በትንሽ ማዕበል ላይ ግን ይሰምጥና ይጓተታል። እንግዲህ የመምህራችን ጥያቄ ትክክል ነበር። ከሁሉ የሚበልጥ ጅራት የለም፤ ለማዕበሉ የሚስማማ ጅራት እንጂ።

ዱክ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ይዞም ኑሮው ቀላል አልነበረም። በሆሊዉድ በሲኒማ ትንንሽ ሚና ተጫውቷል፤ በነዳጅ ማደያም ሠርቷል። ሥራውን አልናቀም። በኋላ የሆኖሉሉ ሕዝብ ሸሪፍ አድርጎ መረጠውና ከ1930ዎቹ ጀምሮ እስከ 1961 በተከታታይ ምርጫ በዚያ ሹመት ቆየ። በ1940 ናዲን አሌክሳንደርን አገባ። ጥር 22 ቀን 1968 በ77 ዓመቱ ዐረፈ፤ ዐመዱም እንደ አገሩ ሥርዓት በዋይኪኪ ባሕር ላይ ተበተነ። በ1990 በዚያው ባሕር ዳር ሐውልት ቆሞለታል። ከኋላው ያ ረጅም ጣውላ አለ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚህ ዓመት ብዙዎቻችን ከዚህ ግቢ እንወጣለን። አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ወደ ሞያ ትምህርት፣ አንዱም ወላጆቹን ለመርዳት ወደ ሥራ ይሄዳል። የትኛው መንገድ ይበልጣል እያልን እርስ በርሳችን ስንተያይ ሰንብተናል፤ እኔም ከእናንተ አንዱ ነበርሁ። የሁላችንም ማዕበል አንድ አይደለምና ጣውላችንም አንድ ሊሆን አይችልም። ማዕበሉን አይቶ ጅራቱን ለመጥረብ የደፈረ ይሻገራል። የሌላ ሰው ጀልባ ስትገለበጥ ያየ ግን የጣውላው ጅራት ሰፊ ይሁን ሹል ሳይል፣ የያዘውን ይዞ ይግባ።