የንጉሥ ላሊበላ ትዕግሥት

በላስታ ተራሮች መካከል ቀድሞ ሮሐ ይባል የነበረ ከተማ አለ። ዛሬ ስሙ ላሊበላ ነው። ይህንንም ስም ያገኘው ከ800 ዓመት በፊት በዚያ ከነገሠ ንጉሥ ነው። ንጉሥ ላሊበላ ከዛጔ ነገሥታት ወገን ነበረ። ታሪኩም በግዕዝ ቋንቋ በተጻፈው በገድለ ላሊበላ ይነገራል።

ገድሉ እንደሚነግረው፥ ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ብዙ ንቦች መጥተው ከበቡት፤ ነገር ግን አንዲቱ እንኳ አልነደፈችውም። እናቱም ይህን አይታ ላሊበላ ብላ ስም አወጣችለት። ትርጓሜውም ንብ ንግሥናውን ዐወቀ ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ስም ለልጁ የመከራ ምክንያት ሆነበት። በዚያ ዘመን በዙፋን ላይ የነበረው ወንድሙ ሐርቤ ነበረ። ሐርቤም መንግሥቱን እንዳይወስድበት ፈራ፤ ፍርሃቱም ወደ ቅናት ተለወጠ። ስለዚህ ላሊበላ አንዳች ሳይበድል ተጠላ።

ከዕለታት አንድ ቀን በመጠጥ ውስጥ መርዝ ተጨምሮ ቀረበለት። አስቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ወዲያው ወድቆ ሞተ። ላሊበላም ያ ሰው በእርሱ ፈንታ እንደ ሞተ ባየ ጊዜ እጅግ አዘነ፤ ስለ ፍቅሩም የቀረውን ጠጣ። ሦስት ቀንም እንደ ሞተ ሰው ሆኖ ተኛ። በዚያን ጊዜ መላእክት ወደ ሰማይ ወስደው ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትን እንዳሳዩት ገድሉ ይናገራል።

ከዚህ በኋላ ከዘመዶቹ ተለይቶ በምድረ በዳ በጾምና በጸሎት ኖረ። መስቀል ክብራ የምትባል ደግ ሴትም አገባ። ጠላቶቹ ግን አልተዉትም፤ በሐሰት ከሰሱት፥ በንጉሡም ፊት ተገረፈ። ላሊበላ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ተቀበለ፤ ጭፍራ ሰብስቦ በወንድሙ ላይ አልተነሣም፤ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ተወ።

በመጨረሻ ሐርቤ በራእይ ተገሠጸ፥ በደሉንም ዐወቀ። ወጥቶም ወንድሙን በመንገድ ተቀበለው፥ ይቅርታም ለመነው፥ ዘውዱንም ሰጠው። እነሆ፥ የተገረፈው ሰው አሁን ሥልጣን አገኘ። ሊበቀል ቢወድ የሚከለክለው አልነበረም። እርሱ ግን ሐርቤን አቅፎ ይቅር አለው።

ላሊበላ የነገሠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነው። ኃይሉንም በበቀል አላጠፋም፤ በትውፊት እንደሚነገረው በሮሐ 11 አብያተ ክርስቲያናትን ከዐለት አስፈለፈለ እንጂ። ይህም ሥራ ታላቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠራቢዎቹ አስቀድመው በዐለቱ ዙሪያ ጥልቅ ጕድጓድ ይቈፍራሉ፤ ከዚያም ከጣራው ጀምረው ወደ መሠረቱ ይወርዳሉ። በችኰላ የተሰበረ ድንጋይ ተመልሶ አይገጠምም። ከእነዚህም ቤተ መድኃኔ ዓለም በስፋቱ የሚበልጥ ነው፤ ቤተ ጊዮርጊስም የመስቀል ቅርጽ አለው። በመካከላቸው የሚያልፈው ወንዝ ዮርዳኖስ ተባለ፤ ከቤቶቹም አንዱ ቤተ ጎልጎታ ይባላል። ስለዚህ ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ የማይችል ድሃ በላስታ የጌታን መከራና ትንሣኤ ያስባል።

ቤተ ክርስቲያንም ሰኔ 12 ቀን መታሰቢያውን ታደርጋለች። በልደት በዓልም ነጭ የለበሱ ብዙ ምእመናን ከሩቅ አገር በእግራቸው ይመጣሉ።

ቅናት ሐርቤን ዙፋን ላይ ሳለ ዕረፍት አሳጣው፤ እምነት ግን ላሊበላን በምድረ በዳ ሳለ አጸናው። በግፍ መከራ የሚደርስበት ክርስቲያን ክፉን በክፉ አይመልስ፤ እውነትንም አይተው። የመከራው ቀን ያልፋል፤ በትዕግሥት የተሠራ ሥራ ግን ለልጅ ልጅ ይቈያል።