አባ አርሳንዮስ፤ የልብን ጸጥታ የፈለገ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ጾም ሲገባ ሥጋውን፣ ወተቱን እንተዋለን፤ እናስቀድሳለን፣ እንሰግዳለን። ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ቅዳሴው ሲቀደስ ልባችን የት ነበር? እግራችን ከቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሐሳባችን ገበያ ይውላል። ኪሳችን ውስጥ ስልኩ ሲንቀጠቀጥ ጸሎቱን ትተን ማን ደወለ እንላለን። ስለዚህ በዚህ ጾም የአባ አርሳንዮስን ሕይወት እንመልከት።

አርሳንዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮም የተወለደ፣ የግሪኩንና የላቲኑን ትምህርት ጠንቅቆ የተማረ ሰው ነበር። ከ379 እስከ 395 እ.ኤ.አ. የነገሠው ቴዎዶስዮስ ለልጆቹ ለአርቃዴዎስና ለአኖሬዎስ መምህር አድርጎ ወደ ቁስጥንጥንያ አስመጣው። የነገሥታት ልጆች መምህር መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። ልብሱ ያማረ፣ ሽቱው የከበረ ነበር።

ሁሉ ተሟልቶለት ሳለ ግን ልቡ አላረፈም። የሚድንበትን መንገድ እንዲያሳየው እግዚአብሔርን ሲለምን፣ ከሰው እንዲሸሽ የሚያዝዝ ድምፅ መጣለት። በ394 እ.ኤ.አ. ገደማ በስውር በመርከብ ወደ ግብፅ ተሻገረ፤ ወደ ገዳመ አስቄጥስም ወረደ። አባ ዮሐንስ ሐፂር ትሕትናውን ሊፈትን ሌሎቹን ለማዕድ አስቀምጦ እርሱን ቆሞ እንዲቀር ተወው፤ ቆይቶም አንድ ዳቦ መሬት ላይ ወረወረለት። የነገሥታቱ መምህር በእጁና በጉልበቱ ተንበርክኮ በላ።

እንግዲህ በረሓ ከገባ በኋላ ተገላገለ ትሉ ይሆናል። አልተገላገለም! እዚያም ያንኑ ልመና ቢለምን፣ መሸሽ ብቻ እንደማይበቃ፣ ዝምታንና የልብን ጸጥታ ገንዘብ ማድረግ እንዳለበት ተነገረው። ልብ በሉ፤ ከቤተ መንግሥት ለመውጣት አንድ ጉዞ በቃው፤ ልብን ጸጥ ማሰኘት ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነበት።

ቅዳሜ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ጀርባውን ሰጥቷት ይቆማል፤ እሑድ ጠዋት ፊቱ ላይ እስክታበራ ድረስ እጆቹን ዘርግቶ ይጸልያል። ዘንባባ ሲታታ እንባውን የሚጠርግበት ጨርቅ ከአጠገቡ አይለይም። ዘንባባው የሚነከርበትን ውኃም በዓመት አንዴ ብቻ ይለውጥ ነበር፤ በቀድሞው ሽቱ ፈንታ ክፉውን ሽታ ይታገሥ ነበር። አንድ ባለ ሥልጣን ዘመዱ ሞቶ ብዙ ሀብት ቢናዘዝለት፣ እርሱ ከሟቹ አስቀድሞ ለዓለም መሞቱን ተናግሮ ሳይቀበል ቀረ።

እኔ ልጆች አሉኝ፣ ሥራ አለኝ፣ ወዴት ልሽሽ የምትሉ ትኖራላችሁ። መልሱ ከዚሁ ታሪክ ውስጥ አለ። አንድ እንግዳ አባ አርሳንዮስን ሊያይ መጥቶ፣ ሰላም ከተባባሉ በኋላ በዝምታ ተቀመጡ፤ እንግዳው ጨንቆት ወጣ። ቀድሞ ወንበዴ ወደነበረው ወደ ሙሴ ጸሊም ሲሄድ ግን በደስታ ተቀበለው። ይህን የሰማ አንድ አባት፣ አንዱ ስለ እግዚአብሔር ሰውን ሲሸሽ ሌላው ስለ እግዚአብሔር ሰውን መቀበሉ ቢያስገርመው ጸለየ። በወንዝ ላይ ሁለት ታንኳዎች ታዩት። በአንዱ አርሳንዮስ ከመንፈስ ቅዱስ ጋር በጸጥታ ይጓዛል፤ በሌላው ሙሴ ጸሊም ከመላእክት ጋር ማር እየተመገበ ይጓዛል።

አያችሁ? እንግዳ መቀበል፣ ልጅን ማሳደግ፣ የታመመን መጠየቅ ከእግዚአብሔር የሚያርቅ ሁካታ አይደለም። የሚያርቀን ሐሜቱ፣ ከንቱ ወሬው፣ ያለ ጉዳይ የምንከፍተው ስልክ ነው። ስለዚህ በዚህ ጾም ጠዋት ስልካችንን ሳናነሣ አቡነ ዘበሰማያት እንድገም። ለቅዳሴ ስንገባ እናጥፋው። ማታም ቴሌቪዥኑን ዘግተን ከቤተሰባችን ጋር ጥቂት እንጸልይ። ሐሳባችን ቢበተን ተስፋ አንቁረጥ፤ እንደገና እንሰብስበው።

አባ አርሳንዮስ አስቄጥስ በዘላኖች በተወረረ ጊዜ ተሰድዷል፤ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በሽምግልና ዐርፏል። ሲሞት አለቀሰ፤ ያ ፍርሃት ከመነኮሰ ጀምሮ ተለይቶት እንደማያውቅም ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸው። ያን ያህል ዘመን ልቡን የጠበቀ አባት እንዲህ ከፈራ፣ እኛማ ምን ያህል ልንተጋ ይገባን ይሆን? መታሰቢያው ግንቦት 13 ነው።

በረከቱ ይደርብን፤ ልባችንን ሰብስቦ የሚያጸልየን አምላክ ጾሙን በሰላም ያስፈጽመን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።