አፋርን ከካርታ ላይ የቆረጠው ሊቅ

ሐረርና አጠገቧ ያለችው ሶፊ ከአንኮበር በየዓመቱ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር፣ ማለት የአንድ የስንዴ ቅንጣት ርዝመት ያህል፣ ይርቃሉ። ይህን ዛሬ በሳተላይት ለክቶ ማረጋገጥ ይቻላል። አሕጉራት ይሄዳሉ ብሎ በመጻፉ ብዙ የተነቀፈው አልፍሬድ ቬጌነር ግን ይህን ሳያይ ሞተ። የባዕድ አገር ሰው ነው ብሎ አንባቢያችን ታሪኩን እንዳያልፈው እንለምናለን፤ የኛን አገር ይነካልና።

ቬጌነር እ.ኤ.አ. በ1880 ዓ.ም. በርሊን ከአንድ የሃይማኖት መምህር ቤት ተወለደ። የተማረው የከዋክብትን ጥናት ሲሆን በ1905 ዶክተር ተባለ፤ እንጀራው ግን የአየር ጠባይ ምርምር ሆነ። በ1906 ከወንድሙ ጋር በባሉን 52 ሰዓት ያህል ሳይወርድ ቆይቶ በዘመኑ ማንም ያላደረገውን አደረገ። በድንጋይ ጥናት የተመረቀ አልነበረም፤ ኋላ የጂኦሎጂ ሰዎች ደጋግመው የወቀሱትም በዚሁ ነው።

በ1912 በፍራንክፈርት ጉባኤ አሕጉራት ቀድሞ አንድ ላይ ነበሩ የሚለውን አሳቡን ገለጠ፤ በ1915ም በመጽሐፍ አወጣው። ከማስረጃዎቹ አንዱ በደጃፋችን ያለ ነው። ዐረብን ወደ አፍሪካ ቢያስጠጉት የቀይ ባሕር ዳርና ዳር ይገጥማሉ፤ የሚያስቸግረው በአንኮበር፣ በበርበራና በምጽዋ መካከል ያለው ባለሦስት ማዕዘን ምድር፣ አፋር ብቻ ነው። ቬጌነር ይህ ምድር ኋላ በእሳተ ገሞራ የተሠራ ስለ ሆነ ከካርታው ተቆርጦ መውጣት ይገባዋል ባይ ነበር። ሐረርና ሶፊ ከዚህ መስመር ጥቂት ወደ ደቡብ፣ በደጋው ላይ ይገኛሉ። ኮልሹተር የተባለ የአገሩ ሰውም በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ የምድር ስበት ከሚጠበቀው አንሶ አግኝቶት ነበርና፣ ቬጌነር ይህን የመሰንጠቅ ምልክት አደረገው።

እንግሊዛዊው ጄፍሪስ ግን የምድር ቅርፊት ጽኑ ነው፣ ቬጌነር የጠቀሳቸው ኃይሎችም ሊገፉት አይችሉም ሲል ተቃወመ። በእኛ ግምት ስለ ኃይሎቹ ተቃዋሚው ልክ ነበር። ቅርፊቱ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ከበታቹ ያለው የጋለ ዐለት ጠጣር ቢሆንም በብዙ ዘመን ቀስ እያለ ይፈሳል፤ ጽኑው ሰሌዳ በሙሉ በላዩ ይጓዛል።

ቬጌነር በ1930 በግሪንላንድ በረዶ መካከል ለነበሩ ባልደረቦቹ ስንቅ ለማድረስ ሄደ። ኅዳር 1 ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ 50 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ራስሙስ ቪሉምሰን ከተባለ የአገሩ ተወላጅ ጋር ለመመለስ ተነሣ፤ ከመንገድም ቀረ። ሬሳው በበረዶ ተቀብሮ በሚቀጥለው ግንቦት ተገኘ። የቀበረው ቪሉምሰን ግን የት እንደ ወደቀ አልታወቀም።

ዓለም አሳቡን የተቀበለው በ1960ዎቹ ነው። በዚያው ዘመን አባ ፒዬር ጉዋንና ፖል ሞር ከአዲስ አበባ ተነሥተው የአገራችንን ስበት ለኩ። በደጋው ላይ የተገኘው ጉድለት ወደ አፋር ሲወረድ እየቀነሰ ሄደ፤ ደጋው በወፍራም ቀላል ዐለት ላይ ሲቆም፣ በሰሜን አፋር ቅርፊቱ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሳስቶ ከባዱ ዐለት ስለ ቀረበ ነው። በ2005 መስከረም ደግሞ በአፋር ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት የቀለጠ ዐለት ከሥር ገብቶ ምድሩን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ከፈለው።