ሄንሪ ጋንት፦ ከአግድም መስመሮቹ ጀርባ የነበረው መሐንዲስ

የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ወይም የኢንዱስትሪ ምህንድስና የተማረ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። በኤክሴልም ይሁን በፕሪማቬራ የሥራ መርሐ ግብር ስናወጣ በግራ በኩል ሥራዎቹን እንዘረዝራለን፣ ከላይ ቀናቱን እንጽፋለን፣ መሐል ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ሥራ ከሚጀመርበት እስከሚያልቅበት ቀን የሚዘልቅ አግድም መስመር እንዘረጋለን። ይህ ነው ጋንት ቻርት። ስሙ ከመለመዱ የተነሣ ጋንት የሰው ስም መሆኑን የማናስታውስ ብዙዎች ነን። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ሰውየውን ነው። ቻርቱ ለምን ጥያቄ መልስ እንዲሆን እንደተሠራ የሚገባን የሕይወቱን ታሪክ ስናውቅ ነውና። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ሎረንስ ጋንት በግንቦት 1861 ዛሬ በርካታ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በሜሪላንድ ተወለደ። የትውልድ ስፍራው ከዋሽንግተን በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር የሚገኘው ካልቨርት አውራጃ ነው። ቤተሰቡ ሰፊ እርሻ የነበረውና ባሪያዎችን የሚያሠራ ባለጸጋ ነበር። ሕፃኑ ከመወለዱ ከአንድ ወር በፊት ግን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። በ1864 ሜሪላንድ ባርነትን በሕግ አስቀረች፤ ያለ ደመወዝ በሚሠሩ ሰዎች ጉልበት ላይ የቆመው የቤተሰቡ ሀብትም ከጦርነቱ ጋር አብሮ ፈረሰ። ጋንት ያደገው እንግዲህ የድሮውን ድሎት በወሬ እየሰማ፣ በችግር ውስጥ ነው።

ትምህርት የጀመረው ለድሃ ልጆች ተብሎ በባልቲሞር አቅራቢያ በተቋቋመው የማክዶኖ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ የእርሻ ትምህርት ቤት ስለነበር ተማሪው ከመጽሐፉ ጎን ለጎን በእጁም ይሠራል። ከዚያ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1880 ተመረቀ። ወደ ማክዶኖ ተመልሶ ለጥቂት ዓመታት ሳይንስ ካስተማረ በኋላ ኒው ጀርሲ ከሚገኘው የስቲቨንስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1884 በሜካኒካል ምህንድስና ዲግሪውን አገኘ። መምህር ሆኖ ያሳለፋቸው ዓመታት በኋላ በፋብሪካ ሥራው ላይ በግልጽ ይታያሉ፤ ጥሩ አለቃ ማለት ለእሱ ሁልጊዜም ጥሩ አስተማሪ ማለት ነበር።

በ1887 ፊላደልፊያ በሚገኘው ሚድቬል የብረታ ብረት ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚያ ያገኘው ሰው ሕይወቱን ለወጠው። ይህ ሰው ሥራን በሰዓት እየለካ የሚያጠናውና ከስቲቨንስ ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የተመረቀው ፍሬደሪክ ቴይለር ነው። ሁለቱ ለዓመታት አብረው ሠሩ፤ በብረት አቆራረጥ ላይ ምርምር አደረጉ፤ በኋላም በቤተልሔም ብረት ፋብሪካ እንደገና ተገናኙ። ሁለቱም ሥራ በግምትና በልማድ መመራቱ ቀርቶ በጥናት እንዲመራ ይፈልጉ ነበር።

የተለያዩት በሰው ጉዳይ ነው። በቴይለር የክፍያ ሥርዓት የተቆረጠለትን ሥራ ያልጨረሰ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚያገኘው ዋጋ ይቀንስበታል። ጋንት በ1901 ያቀረበው ሥርዓት ግን ሌላ ነበር። ሠራተኛው የቀኑ ሥራው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ከጨረሰ ጉርሻ ያገኛል፤ ካልጨረሰ ደግሞ የቀን ደመወዙ አይነካበትም። ፎርማኑም ከሥሩ ካሉት ሠራተኞች ጉርሻ ባገኘው በእያንዳንዱ ሰው ልክ ይከፈለዋል፤ ሁሉም ካገኙ ተጨማሪ አለው። በዚህ አሠራር ጎበዞቹን ብቻ ይዞ መሮጥ ለፎርማኑ አያዋጣም። ደካማውን ሲያስተምርና ሲያበቃ ራሱም ይጠቀማል።

ነገር ግን ጉርሻ ለመክፈል በየቀኑ ማን ምን እንደሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቻርቶቹ የመጡት ከዚህ ነው። ጋንት በ1903 ለአሜሪካ ሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ የፋብሪካን የዕለት ሥራ በሠንጠረዥና በሥዕል እንዴት መከታተል እንደሚቻል አሳየ። በቀጣዮቹ ዓመታት እያሻሻለው ሄዶ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ። በእያንዳንዱ ቀን ወይም ሳምንት ሥር የታቀደው ሥራ ይጻፋል፤ በቀጭን መስመር ከታቀደው ምን ያህሉ እንደተሠራ ይሰመራል፤ በወፍራም መስመር ደግሞ እስከ ዛሬ የተሠራው ድምር ይታያል። ወፍራሙ መስመር ዛሬን ከሚያሳየው ምልክት ወደ ኋላ ከቀረ ሥራው ዘግይቷል፤ ለማወቅ ረጅም ሪፖርት ማንበብ አያስፈልግም።

በማሽኖች ቻርት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረበት። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ከዋለ፣ ለምን እንደዋለ አብሮ ይመዘገባል፦ ጥሬ ዕቃ አልመጣም? ጥገና ላይ ነው? መሣሪያ ጠፋ? ሠራተኛ ቀረ? አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚሉት ይህንኑ ነው። ምክንያቶቹ በየቀኑ ሲደረደሩ ጋንትን ያሳሰበው እውነት ተገለጠ፤ ከባከነው ጊዜ ብዙው የሚባክነው በሠራተኛው ስንፍና ሳይሆን በአለቆች አለመዘጋጀት ነበር። በ1915 ባቀረበው ሌላ ጽሑፍም ሥራ ፈትቶ የዋለ ማሽን ወጪ በተመረተው ዕቃ ዋጋ ላይ መጫን የለበትም ሲል ተከራከረ። ወጪው ለብቻው ተመዝግቦ፣ ማሽኑ የፈታበትን ምክንያት ማስወገድ የነበረበት ኃላፊ ሊጠየቅበት ይገባል ባይ ነበር። ባሪያዎችን ያሠራ ከነበረ ቤት የወጣው ሰው በስተመጨረሻ የሥራውን ሒሳብ የጠየቀው ከአለቆች ነው።

አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ጋንት ለመንግሥት ሠራ። ቻርቶቹ በጦር መሣሪያና ጥይት ምርት፣ ቀጥሎም በመርከብ ግንባታ ክትትል ላይ ዋሉ። ስንት ታዟል ከሚለው ይልቅ እስከ መቼ መድረስ ነበረበት፣ አሁን የት ደርሷል የሚለው ጥያቄ ቀደመ። ጦርነቱ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ በኅዳር 1919 ጋንት በ58 ዓመቱ ዐረፈ። የቻርቱን ዝና አላየም ማለት ይቻላል። ዓለም አቀፍ ያደረገው የሥራ ባልደረባው ዋላስ ክላርክ በ1922 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ሶቪየት ኅብረት ድረስ ዘለቀ።

ለታሪክ ታማኝ ለመሆን አንድ ሌላ ስምም መጥራት አለብን። ፖላንዳዊው መሐንዲስ ካሮል አዳሚዬትስኪ ተመሳሳይ ሥዕል በ1896 ሠርቶ ነበር። የጻፈው ግን በምዕራቡ ዓለም ብዙም በማይነበቡ ቋንቋዎች ስለነበር ስሙ ተሸፍኖ ቀረ። በእናት ቋንቋችን የምንጽፍ ሰዎች ይህ ዕጣ አይጠፋንም።

ግንበኞች የጋንትን ቻርት ከፋብሪካ ወስደው የራሳቸው አደረጉት። ይሁን እንጂ ለሕንፃ ሥራ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ አንዱ ሥራ በሌላው ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠል አያሳይም። የመሠረት ቁፋሮ 20 ቀን፣ ፌሮ አዝዞ ማስመጣት 45 ቀን ይፈጃል እንበል። ሁለቱ በአንድ ቀን ይጀመራሉ፤ አርማታው ግን ሁለቱንም ይጠብቃል። ተጨማሪ ማሽንና የትርፍ ሰዓት ከፍለን ቁፋሮውን ወደ 12 ቀን ብናወርደው ገንዘባችን ይወጣል እንጂ አርማታው በአንድ ቀን እንኳ አይቀድምም። ገንዘቡ መዋል ያለበት ፌሮውን በማፋጠን ላይ ነው። የትኛው ሥራ ሲዘገይ መላው ፕሮጀክት እንደሚዘገይ ለይቶ የሚያወጣው ስሌት፣ ዛሬ ክሪቲካል ፓዝ የምንለው፣ በ1957 ገደማ በዱፖንት ኩባንያና በሬሚንግተን ራንድ ባለሙያዎች በኮምፒውተር እየታገዘ ተሠራ። በዘመናችን የፕሮጀክት ውሳኔን ለማሻሻል የሚደረገው ምርምር፣ ጊዜን ከወጪና ከሥጋት ጋር የሚያመዛዝነው ሁሉ፣ ከዚህ የሚነሣ ነው። ውጤቱን ለባለሥልጣንም ለሠራተኛም ለማሳየት ግን አሁንም የሚመረጠው የጋንት አግድም መስመር ነው።

ከጋንት ሕይወት ለእኛ ለተማሪዎች የሚተርፈው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። በብዙ ፕሮጀክቶች ቻርቱ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ ጨረታ ሲገባ ወይም ውል ሲፈረም። ከዚያ በቢሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ሥራው በራሱ መንገድ ይሄዳል። ስድስት ወር ሲያልፍ ሠራተኛው ሰነፍ ነው ይባላል። ያ ሠራተኛ ግን ካሳፎርማው ሳይሠራለት፣ ሲሚንቶው ሳይደርስለት፣ ፕላኑ ሳይጸድቅለት ስንት ቀን ቆሞ እንደዋለ የጻፈ የለም። ጋንት ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነበር። ስለዚህ ነገ በሥራችሁ ላይ፣ በምትኖሩበት አገርም ይሁን በአገር ቤት፣ መርሐ ግብር ስታወጡ ከታቀደው መስመር ሥር ለተሠራው ቦታ ተዉለት። ከእሱ ጎን ደግሞ ለምክንያቱ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ በየቀኑም ሙሉት፤ ምክንያቱ እናንተ ራሳችሁ በሆናችሁበት ቀንም ቢሆን።